አዲስ ሱፐርቫይዘርን ለማብቃት የቱ መንገድ ይሻላል? ለጎጃም መስሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች የንጽጽር መመሪያ

እኛ ጋ ሰው ሃላፊ የሚሆንበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ማሽኑን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ኦፕሬተር ሽፍት ሊደር ይደረጋል፣ እጇ ቀላል ነው የምትባለው ነርስ የክፍሉ ሃላፊ ትሆናለች፣ ሂሳብ የማይሳሳተው ልጅ ቡድን መሪ የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው ግን ስራ መቻል ሌላ ሰው ማሰራት ሌላ፣ ሁለተኛውን ደሞ ማንም አላሳያቸውም። ስለዚ ሽፍት ሊደሩ ማሽን በቆመ ቁጥር እራሱ ገብቶ ይፈታታል ሌሎቹ ቆመው ያዩታል፣ ቡድን መሪው የአምስት ሰው ሪፖርት ማታ ቤቱ ወስዶ ብቻውን ሲሰራ ያመሻል፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይደክመዋል ሰዎቹም ይቀዘቅዛሉ። ይሄኔ ነው ስራ አስኪያጁ "በቃ ትሬኒንግ ይላክ" የሚለው።

የቱ ትሬኒንግ? ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ሞጣ፣ ባህር ዳር ያለ መስሪያ ቤት ዛሬ ብዙ ምርጫ አለው፦ የጥቂት ቀን የአዳራሽ ስልጠና፣ የዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት፣ ኦንላይን ኮርስ፣ ካይዘን የሚባለው ስራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ እዛው ስራ ላይ በበላይ ሃላፊ እየተደገፉ መማር፣ እና አሁን አሁን ቲም ቢልዲንግ እየተባለ የሚደረገው ጉዞ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ለአብዛኞቻችን የሚያዋጣው እዛው ስራ ላይ መማሩ ነው፣ ሌሎቹ እሱን ሲያግዙ ነው ጥቅም የሚኖራቸው። የማወዳድርበት ጥያቄ አንድ ነው፣ ሰልጣኙ የተማረውን መጀመሪያ ሲሞክር ማን አጠገቡ ይሆናል? ለዚ መልስ ከሌለ ገንዘቡ ባይወጣ ይሻላል።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን ሰውየው የጎደለው ምን እንደሆነ እዩ፣ ይሄን ሳያዩ ስልጠና መግዛት ሳይመረመሩ መድሃኒት እንደመዋጥ ነው። የጎደለው እውቀት ሊሆን ይችላል፣ ልምምድ ሊሆን ይችላል፣ ስልጣን ሊሆን ይችላል።

እውቀት ቀላሉ ነው። ለምሳሌ የግል ድርጅት ሱፐርቫይዘር የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ካላወቀ ሰው አምሽቶ ሲያሰራ ድርጅቱን ችግር ውስጥ ይከታል። መደበኛው የስራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 አይበልጥም፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም፣ ክፍያው ደሞ ቀን ላይ ከሆነ የመደበኛው 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በህዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ይሄ ህጉን የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ በግማሽ ቀን የሚያስረዳው ነገር ነው፣ ለዚ ተብሎ ሰው አዲስ አበባ አይላክም።

ልምምድ የሚባለው ያረፈደን ሰው ለብቻው ጠርቶ ማናገር፣ ስራ ከፋፍሎ ሰጥቶ እጅን መሰብሰብ፣ የተኳረፉ ሰዎችን አንድ ሽፍት ላይ ማሰራት፣ በሰው ፊት ማመስገን፣ "አይሆንም" ማለት ነው። እነዚህን ስላይድ ላይ አይቶ የቻለ ሰው አላየሁም፣ ተሞክረው ተስተካክለው ነው የሚለመዱት።

ሶስተኛው ስልጣን ነው፣ ይሄን ማንም አያነሳውም። ሽፍት ሊደር ተብሎ ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ፈቃድ መስጠት ካልቻለ፣ እሱ "አይሆንም" ያለውን ሰራተኛው እሱን ዘሎ ስራ አስኪያጁ ጋ ሄዶ አስፈቅዶ ከመጣ፣ በዛች ቀን ሃላፊነቱ አልቋል፣ ከዛ በኋላ የአለምን ስልጠና ሁሉ ብትሰጡት ሰራተኛው አይሰማውም። መፍትሄው ነፃ ነው፣ ስራ አስኪያጁ ሰራተኛው ሲመጣ "መጀመሪያ ሽፍት ሊደርህን አናግር" ብሎ መመለስ፣ እና ምን ምን መወሰን እንደሚችል በአንድ ገፅ ፅፎ ለሁሉም ማሳወቅ። ትሬኒንግ ይላክልን ከሚባሉት ሰዎች ብዙዎቹ በኔ እይታ ችግራቸው እዚ ጋ ነው።

ሌላ ደሞ የኛ አካባቢ የራሱ ነገር አለው። የ26 አመት ልጅ አባቱን የሚያክል ሰው ያሰራል፣ "አያ" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ታዲያ እንዴት ብሎ ነው "ትናንት የት ነበሩ?" የሚለው። አንዱ የሰፈሩ ሰው ነው፣ አንዷ እድር ላይ ፀሃፊ ናት፣ አንዱ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ነው፣ ይሉኝታው ያስራል። ህዳርና ታህሳስ አጨዳ ሲደርስ ከገጠር የሚመላለሰው ሰራተኛ ማሳው ይጠራዋል፣ በ12 ሚካኤል በ21 ማርያም በ29 በዓለ ወልድ ስራ አልይዝም የሚል ሰው አለ። ይሄን ሁሉ ጎበዝ ሱፐርቫይዘር ቀድሞ ካላንደር ላይ አስፍሮ ሽፍቱን ያቀያይራል፣ በበዓሉ ቀን የሚቀረው በሌላ ቀን እንዲተካ አስቀድሞ ይነጋገራል፣ "አያ" ማለቱንም አይተውም፣ ጥፋቱን ግን ለብቻ በአክብሮት ይነግራል። ይሄን የሚያስተምር ሰው እኛው መሃል ነው ያለው፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ አመት ሰው ያሰራ፣ ሰራተኛ የሚወደውና የሚፈራው ፎርማን ከየትኛውም አማካሪ በላይ ያውቀዋል። እሱን ሰው ሳትጠቀሙበት ጡረታ እንዳይወጣባችሁ።

እሺ አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

የአዳራሽ ስልጠና ከ3 እስከ 5 ቀን ሆቴል ውስጥ ይሰጣል፣ ስላይድ አለ፣ የቡድን ውይይት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት አለ። ጥቅሙ ሰውየው ከስራው ጫና ወጥቶ ያስባል፣ የሌላ መስሪያ ቤት ሰው ያገኛል፣ የሱ ችግር የሌላውም መሆኑን ያያል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ድክመቱ ክትትል የለውም። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1959 ስልጠና በአራት ደረጃ ይለካል ብሎ ነበር፣ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ስራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱ ውጤት አየ ወይ። መጨረሻው ቀን ላይ የምንሞላው ፎርም የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ስልጠናው ጥሩ ነበር ምሳው ጥሩ ነበር፣ ሶስተኛውንና አራተኛውን የሚያይ የለም።

ይሄን መንገድ ከመረጣችሁ ቢያንስ ሁለት ነገር ቀይሩ። አንደኛ ስልጠናውን ክፈሉት፣ ሁለት ቀን ይሰጥ፣ ከዛ አንድ ወር ተኩል ስራ ላይ ይሞክሩት፣ ከዛ አንድ ቀን ተመልሰው የተሳካውንና ያልተሳካውን ይዘው ይምጡ። ሁለተኛ ሰዎቻችሁን ከመላክ አሰልጣኙን አምጡ። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ አበልና አልጋ በምታወጡት ብር አንድ አሰልጣኝ መጥቶ አስራ አምስት ሰው ሊያሰለጥን ይችላል፣ መንገዱ ሲዘጋጋም ሰው መሃል ላይ አይቀርም። ደሞ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባህር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የማህበረሰብ አገልግሎት የሚባል ስራ አለባቸው፣ በደብዳቤ ችግራችሁን ዘርዝራችሁ ብትጠይቁ አጭር ስልጠና ሊያዘጋጁላችሁ ይችላሉ። ጥቃቅንና አነስተኛ ላይ ያላችሁ ደሞ የፖሊ ቴክኒክና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ድጋፍ ጠይቁ፣ የስራ ፈጠራ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን ነው የሚደግፉት፣ አሰልጣኙ ወርክሾፓችሁ ድረስ መጥቶ ነው የሚያየው፣ ይሄ ከአዳራሹ በብዙ ይሻላል።

የቅዳሜና እሁድ ትምህርት፣ በተለይ በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሌላ ነገር ነው። ለሰውየው ለራሱ ጥሩ ነው፣ በመንግስት መስሪያ ቤት ለደረጃ እድገት ይጠቅመዋል፣ ነገ የስራ ሂደት ወይ መምሪያ የሚመራ ሰው ከሆነ ደሞ እቅድ፣ በጀት፣ ምርምር ማወቅ አለበት። ግን ዛሬ ሽፍቱ ውስጥ ያለው ኩርፊያ ዲግሪው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሰዎች "ማስተርስ ከያዘ ይመራል" ሲሉ እሰማለሁ፣ አልስማማም፣ ዲግሪ ይዞ ሰው ማናገር የሚጨንቀው ሃላፊ ሞልቷል። ሰው ስታስተምሩ ግን አንድ ነገር ተስማሙ፣ የመመረቂያ ፅሁፉን በራሳችሁ መስሪያ ቤት ችግር ላይ ይስራ፣ ሰራተኛ ለምን እንደሚለቅ ወይ ለምን እንደሚያረፍድ አጥንቶ ቢያመጣላችሁ ለከፈላችሁት ዋጋ አለው።

ኦንላይን ላይ ብዙ አልልም። ኮርሴራና መሰሎቹ ላይ የሱፐርቪዥንና የቲም ማኔጅመንት ኮርስ አለ፣ ቪዲዮውን በነፃ የምታዩት አለ፣ ለሰርተፊኬቱ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከትም ይቻላል። እንግሊዝኛ ለሚችል፣ ብቻውን ለሚያነብ፣ ዋይፋይ ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ቪዲዮውን ቀድሞ ማውረድ ነው። ለፎርማንና ለፅዳት ሃላፊ ግን አይሆንም፣ ምሳሌዎቹ ሁሉ የሌላ ሀገር ቢሮ ናቸው። የእውቀት ክፍተት ይሞላል፣ ልምምድ አይሰጥም።

ካይዘን ግን ሰፋ አድርጌ ላየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፅዳት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አሜሪካኖች በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካቸው ልምድ በሌለው ሰው ሲሞላ ለሱፐርቫይዘሮች የሚሆን አጭር ስልጠና አወጡ፣ በፈረንጆቹ ከ1940 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ተኩል ሰው በላይ ሰለጠነበት። ስልጠናው የሁለት ሁለት ሰዓት አምስት ቁጭታ ነበር፣ በጠቅላላ 10 ሰዓት፣ አስር አካባቢ ሰው ሆነው እያንዳንዱ የራሱን ስራ ይዞ እየመጣ ነበር የሚለማመደው። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገባና ለካይዘን አንዱ መሰረት ሆነ። እኛ ሀገር ደሞ በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። 5ቱ ማዎች የሚባሉት፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ የሚታወቁት በሱ ነው።

የካይዘን ትልቁ ጥቅም ሱፐርቫይዘሩንም ቡድኑንም አንድ ላይ ማሰልጠኑ ነው። የልማት ቡድን የሚባለው የሰራተኞቹ ስብስብ በሳምንት አንዴ ተገናኝቶ አንዲት ትንሽ ችግር ያነሳል፣ ለምሳሌ ቁልፍ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት፣ ምክንያቱን ይፈልጋል፣ ይሞክራል፣ ይለካል፣ ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ መምራት፣ ሃሳብ መቀበል፣ ስራ ማከፋፈል በዛው ይለማመዳል። ድክመቱ የዘመቻ ስራ ሲሆን ነው፣ ጉብኝት ሲመጣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ይቀባል ሰሌዳ ይለጠፋል ከዛ አምስተኛዋ ማ ጋ ሲደረስ ይቆማል። በመንግስት መስሪያ ቤት ደሞ አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ያስታወሰ ሰራተኛ ቡድን ሲባል ይሸሻል፣ መብቱ ነው፣ ስለዚ ስብሰባው ስለ ስራው ብቻ መሆኑን በተግባር ካላሳያችሁት አይከፈትላችሁም።

አሁን የኔ ምርጫ፣ እዛው ስራ ላይ መማር። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "እሱማ እያደረግን ነው" ይላል፣ አይደለም፣ ሰውን ሾሞ መተው ስራ ላይ ማሰልጠን አይባልም። ስርዓት አለው። መጀመሪያ አንድ ደጋፊ ይመደባል፣ የቅርብ አለቃው ወይ ያ ነባር ፎርማን። ከዛ አዲሱ ሃላፊ ከሹመቱ በፊት ነባሩ እረፍት ሲወጣ በውክልና ይስራ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ብቻ ቢሆን እንኳን የሚከብደው የቱ እንደሆነ ይታወቃል፣ እሱም ስራውን ፈልጎት እንደሆነ ይለያል፣ አልፈልግም ካለ ደሞ ያለ ሃፍረት ይመለስ፣ ጥሩ ባለሙያ አጥቶ መጥፎ አለቃ ከማግኘት ይሻላል።

ከዛ ሁለት ነገር ይለማመድ፣ ሁለቱም ከዛ የጦርነት ጊዜ ስልጠና የመጡ ናቸው። አንዱ ስራ ማሳየት ነው፣ አራት ደረጃ አለው፣ ሰውየውን አዘጋጀው፣ ማለት የሚያውቀውን ጠይቅ ፍርሃቱን አስወግድ፤ ስራውን እየሰራህ ቁልፍ ቁልፉን ለምን እንደሆነ እየነገርክ አሳየው፤ እሱ ይስራ እየሰራም ለምን እንደሆነ ይንገርህ፤ ከዛ ልቀቀው ግን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ በኋላ አልፎ አልፎ እየሄድክ እየው። እኛ ጋ የሚዘለለው ሶስተኛው ነው፣ "ገባህ?" "አዎ ገባኝ" ተባብለን እንለያያለን፣ በይሉኝታ አልገባኝም የሚል የለም፣ ስለዚ "እስቲ አንተ ስራና አሳየኝ" ማለት ግዴታ ነው።

ሌላው የሰው ችግር መፍታት ነው፣ እሱም አራት ነው፣ እውነታውን ሰብስብ፣ መዝነህ ወስን፣ እርምጃ ውሰድ፣ ውጤቱን ተከታተል። ቀላል ይመስላል ግን አንዷ ልጅ ሶስት ቀን አርፍዳ መጣች እንበል፣ ብዙ አዲስ ሃላፊ ከመጀመሪያው ወደ ሶስተኛው ነው የሚዘለው፣ ማስጠንቀቂያ ይፅፋል። ቁጭ አድርጎ ቢጠይቃት ልጇን የሚይዝላት ሰው ገጠር ሄዶባት ይሆናል፣ ሽፍት ቢቀያየርላት ያልቅ ነበር። ጠይቆ ምክንያት ከሌላት ደሞ ማስጠንቀቂያው በፅሁፍ ይሁን ቀንና ፊርማ ይኑረው፣ በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ክርክር ቢመጣ አያግዝም።

ደጋፊው ደሞ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከአዲሱ ሃላፊ ጋ ይቀመጥ፣ ሶስት ጥያቄ ይበቃል፣ በዚ ሳምንት ሰው ሲያስቸግርህ ምን አደረክ፣ የራስህን ስራ ለማን ሰጠህ፣ ቀጣይ ሳምንት ምን ትሞክራለህ። ይሄ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ከሄደ ለውጡን ሰራተኛው እራሱ ይነግራችኋል። የዚ መንገድ አደጋ ደጋፊው መጥፎ ልማድ ካለው አዲሱም መቅዳቱ ነው፣ በሰው ፊት የሚሳደብ አለቃ ስር የተማረ ልጅ ስድብ ይማራል። እንዲህ አይነት ሰው ብቻ ካላችሁ ከሌላ ድርጅት ፈልጉ፣ ቡሬና ማርቆስ ያሉ ፋብሪካዎች ለአንድ ሳምንት ሰው ቢለዋወጡ ማን ይጎዳል? ማንም፣ ሁለቱም ይማራሉ።

የቲም ቢልዲንግ ጉዞ ላይ ደሞ ሰዎች ይከራከሩኛል። ጮቄ ተራራ መውጣት፣ ዘጌ በጀልባ መሄድ፣ ጢስ አባይ ማየት በጣም ደስ ይላል፣ ደክሞት ለከረመ ሰራተኛም ይገባዋል፣ አለቃውም ሰው መሆኑ ይታያል። ግን እንደ ሽልማት እዩት እንጂ እንደ ስልጠና አትዩት። በፈረንጆቹ 1965 ብሩስ ተክማን ቡድን በአራት ደረጃ ያልፋል ብሎ ፅፏል፣ መሰባሰብ፣ መጋጨት፣ መግባባት፣ መስራት። ጉዞ የመጀመሪያውን ያፋጥናል፣ ሁለተኛውን ግን አያስቀርም፣ ማን ምን ይሰራል፣ ማን ሲያጠፋ ማን ይናገረዋል የሚለው ጠብ ቢሮ ውስጥ ነው የሚፈታው። እንደውም ተኳርፈው የከረሙ ሰዎችን አንድ ሚኒባስ ውስጥ ማስገባት ነገር ያባብሳል። አዲስ የተቋቋመ ቡድን ከሆነ ሂዱ፣ ግጭት ውስጥ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ግጭቱን ጨርሱ።

ስለዚ ማን የቱን ይምረጥ? ከአስር ሰው በታች ያለው እንጨት ቤት፣ ብረታ ብረት ወይ ዳቦ ቤት ከሆናችሁ የኮሌጁን ኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ጠይቁና ባለቤቱ እራሱ ደጋፊ ይሁን፣ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ሽፍት ያለው ፋብሪካ ከሆነ ስራ ላይ ስልጠናው ከካይዘን ጋ ይሂድ። የወረዳ ወይ የዞን መስሪያ ቤት ከሆነ የተከፋፈለው የአዳራሽ ስልጠና ይሻላል፣ ምክንያቱም ቡድን መሪዎቹ በተለያየ ክፍል ተበታትነው ነው ያሉት፣ የሚያገናኛቸው ነገር ያስፈልጋል፣ ግን የክፍል ሃላፊዎቹም አብረው ይሰልጥኑ፣ ሰልጥኖ የመጣውን ቡድን መሪ ያልሰለጠነ ሃላፊ ነው ወደ ድሮው የሚመልሰው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ላይ ነርሶችን ለሳምንት ማውጣት በሽተኛ ላይ መፍረድ ነው፣ በሽፍት መለዋወጫ ሰዓት አካባቢ አጭር አጭር ቁጭታ፣ እንደዛ የአሜሪካኖቹ የ10 ሰዓት ስልጠና ተከፋፍሎ ቢሰጥ ይሄዳል።

ከአሰልጣኝ ጋ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ አሰልጣኙ እራሱ ሰው አሰርቶ ያውቃል ወይ? ማቴሪያሉ በአማርኛ ነው ወይ፣ ምሳሌዎቹስ ከኛ አይነት ስራ ናቸው? ከሃያ ሰው በላይ አንድ ክፍል ውስጥ ያስገባል ወይ፣ ካስገባ ልምምድ አይኖርም። ከስልጠናው በፊት አንድ ቀን መጥቶ ስራችሁን ያያል ወይ? ከአንድ ወር ተኩል በኋላስ ተመልሶ ሰልጣኞቹን ስራ ላይ ያያቸዋል? ይሄ የመጨረሻው በቃል እሺ ተብሎ የሚረሳ ስለሆነ ውሉ ውስጥ አስገቡት፣ የክፍያውንም ሲሶ ያህል ተመልሶ አይቶ ሪፖርት እስኪሰጥ ድረስ ያዙት።